ስለሚያስነጥሱ የጓሮ ዶሮዎች ለእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በጓሮ ዶሮዎች ላይ ለሚከሰቱ ተላላፊ የመተንፈሻ አካል በሽታዎች የምርመራ፣ የክትባትና የምክር አገልግሎት እንዲመቻች ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በጓሯቸው ጥቂት ዶሮዎችን የሚያረቡ ሰዎች ዶሮዎቻቸው ማስነጠስ ሲጀምሩ የሚያደርጉት ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። የዱቄት አንቲባዮቲክ ገዝተው በመጠጥ ውኃ ይበጠብጣሉ፤ ድምፁ ጋብ ሲል ዶሮዎቹ እንደዳኑ ቆጥረው የተወሰኑትን ይሸጣሉ ወይም ለሰው ይሰጣሉ፤ በሞቱት ፋንታ ደግሞ ሌሎችን ገዝተው ከቀሪዎቹ ጋር ይቀላቅላሉ። በዚህ ሁሉ መካከል በሽታው ምን እንደነበረ የሚያረጋግጥ የለም። ይህን የምለው አርቢውን ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም ከእነዚሁ አርቢዎች አንዱ ነኝ። የምርመራው፣ የክትባቱና የምክሩ አገልግሎት በሙሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ላሉት ሰው እንዲስማማ ሆኖ በተዘረጋበት ሁኔታ፣ ስምንት ወይም ዐሥራ ሁለት ዶሮ ያለው ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይሆንም። ደብዳቤዬ የሚጠይቀው መሥሪያ ቤትዎ ይህንን ክፍተት እንዲሞላ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ንፍጥ፣ የዓይን እንባና ሲተነፍሱ የሚሰማ የጉሮሮ ድምፅ የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክት መሆናቸው ነው። በኮሮና ቫይረስ የሚመጣው ተላላፊ ብሮንካይትስ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቤቱን ያዳርሳል፤ ትልልቆቹን ዶሮዎች እምብዛም ባይገድልም እንቁላላቸውን ያስቀንሳል፣ ቅርፊቱ የተሸበሸበና ነጩ እንደ ውኃ የቀጠነ እንቁላልም ያስጥላቸዋል። ከሄርፐስ ቫይረስ የሚመጣው የማንቁርትና የትንፋሽ ቧንቧ ብግነት ግን ዶሮዋ አንገቷን አስረዝማ፣ አፏን ከፍታ አየር እንድትስብ ያስገድዳታል፤ ስትስልም ደም የቀላቀለ አክታ ትረጫለች። ኮራይዛ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ከተላለፈ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ፊት ያሳብጣል፣ ንፍጡም ይከረፋል። ማይኮፕላዝማ ጋሊሴፕቲከም የተባለው ባክቴሪያ በበኩሉ ዝግ ብሎ ይገባና በዓይን ጥግ አረፋ እያሳየ ለወራት ይቆያል። ከነዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ፈንግል፣ ማለትም የኒውካስል በሽታ፣ አንዳንድ ጊዜ በማስነጠስ ብቻ ጀምሮ ወደ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ወደ አንገት መጠምዘዝና ወደ ጅምላ ሞት ይሸጋገራል። ከፍተኛ ገዳይነት ያለው የወፍ ጉንፋን ደግሞ ምልክቱ በቅጡ ሳይታይ በአንድ ሌሊት ቆጡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። በዚያ ላይ እነዚህ በሽታዎች ተራ ጠብቀው አይመጡም፤ አንዱ የመተንፈሻውን አካል ሲያደክመው ሌላው ተከትሎ ይገባል።

በትኩረት የሚከታተል አርቢ ብዙ ነገር ሊያይ ይችላል። ማታ መብራት ጠፍቶ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ቢያዳምጥ፣ ቀን በጫጫታ የሚሸፈነውን የሲርታ ድምፅ ይሰማል። ጠዋት አንዷን ይዞ ቢመረምር የአፍንጫዋ ቀዳዳ በመኖ ብናኝ ተለስኖ ያገኘዋል፤ አፍንጫዋን በክንፏ ስለምትጠርግ የትከሻዋ ላባ ቡናማና ተጣባቂ ሆኖ ይታያል፤ ቀዳዳውን ከላይ በጣት ቀስ አድርጎ ሲጫነው ፈሳሹ ብቅ ይላል። ይህ ሁሉ ዶሮዋ መታመሟን ያረጋግጣል፣ ግምትም ያስይዛል። ከብሮንካይትስና ከማይኮፕላዝማ የትኛው እንደሆነ ግን ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም እንኳ በዓይን ብቻ ቆርጦ አይናገርም፤ ቆርጦ የሚናገር ካለ ምክሩን በጥንቃቄ መስማት ይሻላል። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

በሽታው ሳይለይ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ምን እንደሚያስከትል ለመሥሪያ ቤትዎ ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆን አሳጥሬ አልፈዋለሁ። በቫይረስ ላይ አይሠራም። ማይኮፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ይህን ግድግዳ በማፍረስ የሚሠሩት እንደ ፔኒሲሊን ያሉ መድኃኒቶች አይነኩትም፤ ታይሎሲንና ቴትራሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮችም ምልክቱን ያስታግሳሉ እንጂ ተሕዋሱን ከዶሮዋ ሰውነት ነቅለው አያወጡትም። እነዚሁ መድኃኒቶች ወደ እንቁላሉ ያልፋሉ፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ እንቁላሉ ሳይበላ መቆየት ያለበትን ጊዜ የሚያስረዳው ጽሑፍም፣ ዱቄቱ ከትልቅ እሽግ ላይ ተቀንሶ በትንሽ ላስቲክ ሲሸጥ፣ ከእሽጉ ጋር ሱቅ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረትዎን የምሻው ግን በሽታው ካለፈ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ሰዎች የምታስነጥሰውን ዶሮ ይፈራሉ፤ ደህና ሆና የምትታየውን፣ ላባዋ የሚያብለጨልጨውን፣ እንቁላል መጣል የጀመረችውን አይጠረጥሩም። ማይኮፕላዝማ የያዛት ዶሮ በአብዛኛው ዕድሜዋን ሙሉ ተሸካሚ ሆና ትኖራለች፤ በእንቁላሏም በኩል ለጫጩቷ ታስተላልፋለች፤ ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ቤት የሚሰጥ የማስፈልፈያ እንቁላል በሽታውን ከቅርፊቱ ጋር ይዞ ይሄዳል። የማንቁርቱ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ዶሮዋ እንቁላል መጣል ስትጀምር ወይም ከማታውቃቸው ዶሮዎች ጋር ስትቀላቀል እንደገና ይቀሰቀሳል፤ እርሷ ራሷ ሳትታመም አጠገቧ ያሉትን ትበክላለች። ከኮራይዛ የተረፉትም እንዲሁ ተሸካሚዎች ሆነው ይቀራሉ። እንግዲህ ጤነኛ መስላ የተገዛች አንዲት ቄብ በገባች በሳምንቷ ነባሮቹ ሁሉ ማስነጠስ ቢጀምሩ፣ ገዢው ምክንያቱን ከብርዱና ከነፋሱ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ሻጩም ቢሆን ያታለለ አይመስለውም፤ ዶሮዋ ድናለች ብሎ በቅን ልቦና ያምናል። ይህን እምነት ሊያርመው የሚችለው የመሥሪያ ቤትዎ ግልጽ ቃል ነው፤ ለአርቢዎች የሚሰራጨው ምክር ግን ስለ ንጽሕና ደጋግሞ ሲያስተምር ስለ ተሸካሚ ዶሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ጥሎ ያልፋል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አያነሣውም።

በመሆኑም አስቀድሜ የምጠይቀው ምርመራ ለጓሮ አርቢ በሚደርስበት መንገድ እንዲዘጋጅ ነው። ከጥቂት ዶሮዎች ጉሮሮ በጥጥ የተወሰደ ናሙና በአንድ ብልቃጥ ተጠቃልሎ ፒሲአር በተባለው፣ የተሕዋሱን ዘረመል በሚፈልግ የላቦራቶሪ ዘዴ ሊመረመር ስለሚችል፣ ለእያንዳንዷ ዶሮ የተለየ ክፍያ መጠየቅ የግድ አይደለም። አርቢው ናሙናውን በቅርብ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስረክቦ፣ ባለሙያው ወደ ላቦራቶሪ ቢልክለት፣ ውጤቱም ከምክር ጋር ቢመለስለት በቂ ነው። የሞተችውን ዶሮ ለምርመራ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ሬሳውን ማቀዝቀዝ እንጂ በረዶ እስኪሆን ድረስ ማቆየት እንደሌለበት፣ ፈጥኖ ማድረስም እንዳለበት፣ በጓንት ሳይሆን በባዶ እጅ መንካትም አደገኛ እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። ይህን የሚያህል ቀላል መመሪያ ባለመኖሩ የሚበላሸው ናሙና ጥቂት አይመስለኝም።

ክትባትን በተመለከተ መሰናክሉ ብልቃጡ ነው። የዶሮ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው 1000 ዶሮ በሚከትብ መጠን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መሠራት አለበት እንጂ ለነገ አይቀመጥም። ዐሥር ዶሮ ያለው ሰው 990ውን ደፍቶ ዐሥሩን እንዲከትብ መጠበቅ፣ እንዳይከትብ ከመንገር አይለይም። መውጫው ሩቅ አይደለም። በአነስተኛ መጠን የታሸገ ክትባት እንዲቀርብ ማድረግ፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ የአንድ አካባቢ አርቢዎች ዶሮዎቻቸው በአንድ ቀን እንዲከተቡላቸው አስቀድሞ የታወቀ መርሐ ግብር ማውጣት ይቻላል። ለፈንግል በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለመንደር ዶሮዎች ታስቦ የተዘጋጀው አይ-2 የተባለው ክትባት ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት የሚችል፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥና በየአራት ወሩ ገደማ የሚደገም በመሆኑ፣ ጥቂት ሥልጠና ያገኘ የአካባቢ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ሊሰጠው ይችላል፤ በበርካታ አገሮችም እንዲሁ ተሠርቶበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ሳላነሣ ማለፍ አልሻም። ክትባት ሁሉ በነጻ ገበያ ይፈታ ማለቴ አይደለም። ለማንቁርቱ በሽታ ከሚሰጡት ሕያው ክትባቶች መካከል በእንቁላል ሽል ላይ የሚመረተው ከዶሮ ወደ ዶሮ ሲተላለፍ ኃይሉን መልሶ ሊያገኝ ይችላል፤ የተከተበችውም ዶሮ ቫይረሱን ተሸክማ ትኖራለች። ገሚሱን ከትቦ ገሚሱን የሚተው አርቢ በሽታውን በገዛ እጁ ሊያስገባ ይችላልና፣ ይህኛው ክትባት በባለሙያ እጅና በሽታው መኖሩ በተረጋገጠበት ስፍራ ብቻ መወሰኑ ተገቢ ነው። የብሮንካይትስ ቫይረስም ዝርያው ብዙ ስለሆነ ለአንዱ ዝርያ የተሰጠ ክትባት ለሌላው ላይመክት ይችላል፤ ክትባቱ ሊመረጥ የሚገባው አካባቢው ላይ የሚዘዋወረው ዝርያ ታውቆ ነው፤ ይህም እንደገና ወደ ምርመራው ይመልሰናል።

ፈንግልና የወፍ ጉንፋን ሲጠረጠሩ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን አልቃወምም፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ዝርያ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን መግደሉ አይዘነጋም። ዳሩ ግን አርቢው ደውሎ ካሳወቀ በኋላ ምን እንደሚከተል አያውቅም። ማን ይመጣል፣ በስንት ቀን፣ ያልታመሙትም ይወገዳሉ ወይ፣ ካሳ አለ ወይ፣ ካለስ መቼ ይከፈላል፣ ዳግመኛ ዶሮ ማስገባት የሚፈቀደው መቼ ነው የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው ካልተመለሱ፣ ሰው ዝምታን ይመርጣል፤ ሌሊት ቀብሮ ያድራል፣ ወይም ከዚህ የከፋውን አድርጎ ሳይሞቱበት ይሸጣል። በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ለሚወገድ ዶሮ በወቅቱ የሚከፈል ካሳ ከማስፈራሪያ ይልቅ ጥሪውን ያፈጥናል ብዬ አምናለሁ። በተጨማሪም ማይኮፕላዝማም ሆነ ኮራይዛ በጓሮው የተገኘበት ሰው ሐኪም ቢጠራ ዶሮዎቹ በግድ እንደማይታረዱበት በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ሁለቱ ዓይነት በሽታዎች በአርቢው አእምሮ ውስጥ ተደበላልቀው እስካሉ ድረስ ለየትኛውም አይደውልም።

ማይኮፕላዝማ የተረጋገጠበት ሰው ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ እንዲችል እውነቱ ሳይለዝብ ይነገረው። አንደኛው ዶሮዎቹን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ማኖር ነው፤ በዚህ ጊዜ አንዲት ዶሮ አትወጣም፣ አንዲትም አትገባም፣ የማስፈልፈያ እንቁላልም ለማንም አይሰጥም። ሁለተኛው ሁሉንም አስወግዶ፣ ጉዝጓዙንና ኩሱን ጠርጎ፣ ካጠበ በኋላ በፀረ ተሕዋስያን አጽድቶ፣ ቤቱን ለሳምንታት ባዶ አድርጎ እንደገና ከጤነኛ ምንጭ መጀመር ነው። ማይኮፕላዝማና የኮራይዛ ባክቴሪያ ከዶሮ ሰውነት ውጭ ብዙ ቀን ስለማይቆዩ ይህኛው መንገድ ተስፋ አለው፤ ኩስ ሳይጠረግ የሚረጭ መድኃኒት ግን ድካም ብቻ ነው። አዲስ የሚገቡ ዶሮዎች ቢያንስ 30 ቀን ተለይተው መቆየታቸው፣ በየቀኑ አስቀድሞ ጤነኞቹን በመጨረሻም ተለይተው ያሉትን መመገብ፣ ለዚያኛው ክፍል ሌላ ጫማ ማዋል፣ ዶሮዎቹ በሚተኙበት ከፍታ ላይ አፍንጫን የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ እንዳይኖር ጉዝጓዙን ማድረቅና አየር ማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። ለይቶ ማቆየት ግን ተሸካሚዋን ሁልጊዜ አያጋልጥም፤ ምልክት ሳታሳይ ወሩን ልትጨርስ ትችላለች። ስለሆነም ጫጩትና ቄብ ለሽያጭ የሚያቀርቡ አርቢዎች፣ ትንንሾቹም ጭምር፣ ቢያንስ ለማይኮፕላዝማ በየጊዜው የሚመረመሩበትና ውጤቱን ለገዢ የሚያሳዩበት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሥርዓት እንዲጀመር እጠይቃለሁ። በግዴታ ቢጀመር ሽያጩ ወደ ድብቅ ይሸሻል የሚል ስጋት አለኝ።

ከዘረዘርኳቸው ውስጥ መሥሪያ ቤትዎ ወዲያው ሊፈጽማቸው የሚችሉትን፣ በጀት የሚጠብቁትንና ጨርሶ የማይቀበላቸውን ከነምክንያታቸው ለይቶ፣ አርቢዎች ሁሉ ሊያነቡት በሚችሉበት መንገድ ምላሽ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የናሙና አወሳሰዱና የማስረከቢያው መመሪያ ግን ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ቄቦች በብዛት ለሽያጭ ከሚወጡበት ወቅት በፊት እንዲደርሰን አደራ እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የጓሮ ዶሮ አርቢ