ለልጄ፦ ሁለቱን በአንድ መስፈሪያ አትስፈሪያቸው

የኔ ልጅ እንዴት ናችሁ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? እኛ እዚህ ጎንደር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማሙሽ መዋሸት ጀመረ፣ ሚሚ ደሞ ዝም ዝም ማለት አበዛች ብለሽ ስትጨነቂ ስሰማ እንቅልፍም አልወሰደኝ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያሰብኩትን ሳልነግርሽ ስለቀረሁ በቴሌግራም ልጻፍልሽ ብዬ ነው፣ ቢረዝምም ታግሰሽ አንብቢው። ኬጂና አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነው ዕድሜዬ ያለቀው፣ ስለ ልጅ ሚያሳስብና ማያሳስብ ነገር ትንሽ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ማሙሽ። አፉ ዙሪያውን ስኳር ሞልቶት ማን በላው ስትይው ድመቷ ናት አለሽ፣ አንቺ ደነገጥሽ እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ ደስ ነው ያለኝ። ልጅ ለመዋሸት እኮ መጀመሪያ እሱ ሚያውቀውን ነገር እናቱ ላታውቅ እንደምትችል መረዳት አለበት፣ 3 ዓመት ልጅ ይሄ አይገባውም፣ እሱ ያየውን ሰው ሁሉ ያየው ነው ሚመስለው። ዊመርና ፐርነር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1983 ይሄን ነገር በተረት አድርገው ልጆችን ጠይቀው ነበር፣ አንቺም ቤትሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ሚሚ እያየች ከረሜላ ሙዳይ ውስጥ አስቀምጪ፣ እሷ ስትወጣ ማሙሽ እያየ ወደ ድስት አዙሪውና ሚሚ ስትመለስ የት ነው ምትፈልገው በይው። ትንንሾቹ ድስቱ ውስጥ ይሉሻል፣ 4ና 5 ዓመት ላይ ሲደርሱ ግን ሙዳዩ ውስጥ ነዋ እሷ መች አየች ይላሉ። ማሙሽ 4 ዓመት ተኩሉ ነው፣ በሰዓቱ ነው የደረሰው።

ውሸቱን አሞግሽው ማለቴ አይደለም። ግን መልሱን እያወቅሽ ማን በላው ብለሽ አታጥምጂው፣ ስኳሩን እንደበላኸው አይቻለሁ ና አፍህን እንጥረግ፣ ሁለተኛ ስትፈልግ ጠይቀኝ በይው በቃ። መጫወቻ አላካፍልም ብሎ መሬት ላይ ሲንፈራፈርም እንደዛው ነው። የልጅ አንጎል 6 ዓመት አካባቢ በመጠኑ የአዋቂውን 90 ፐርሰንት ገደማ ይደርሳል ይባላል፣ ራስን ሚገታው የፊት ለፊቱ ክፍል ግን ከ20 ዓመት በኋላም ገና እየበሰለ ነው። ስለዚህ ባለጌ ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ እስኪረጋጋ አጠገቡ ቁጭ በዪ ከዛ አውሪው፣ እየጮኸ እያለ ምትመክሪው ምክር አንዱም አይገባም።

በጥምቀት ስትመጡ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስጃቸው አልነበር? ጣራው ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብለው ሲያዩ ማሙሽ ምን አለኝ መሰለሽ፣ አይናቸውን ማይጨፍኑት እንቅልፍ አይወስዳቸውም እንዴ አለኝ። ሚሚ ደሞ ወዲያው በአንዱ ረድፍ ስንት ናቸው ብላ ቆጥራ ረድፎቹን ማባዛት ጀመረች። አንድ ጣራ ነው ያዩት፣ እሱ ስዕሉን ሰው አደረገው እሷ ስሌት አደረገችው። ቤት ገብተን ደሞ ለሁለቱም በእኩል ኩባያ ሻይ ቀዳሁና የሚሚን ማሙሽ እያየ ወደ ቀጭኑ ረጅም ብርጭቆ ገለበጥኩት፣ የሷ በዛ ብሎ አለቀሰ። ይሄን ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሰው ድሮ በውሃ አሳይቶታል፣ 6ና 7 ዓመት አካባቢ እስኪደርሱ ብዙዎቹ ልጆች ከፍታውን ብቻ ነው ሚያዩት፣ ምንም ብታስረጂው አይሆንም። አንቺ እኮ እልኸኛ ነው ብለሽ ተቆጣሽው፣ እሱ ግን የታየውን ነው የተናገረው።

7 ዓመት ላይ ነገሩ ይለወጣል። የኛ ሰው ይሄን ያለ መጽሐፍ ነው ያወቀው፣ ልጅ ጾም ሚጀምረው በ7 ነው፣ አንደኛ ክፍልም በ7። ደንቢያ ገጠር ወረድ ብትዪ ትንሹ ልጅ ደጃፍ ላይ ጥጃ ነው ሚጠብቀው፣ ከፍ ሲል ነው በግና ፍየል ይዞ ራቅ ሚለው፣ ላምና በሬው ከዛ በኋላ ነው፣ ልጁ መቼ አደራ መያዝ እንደሚችል አይተው ነው ሚሰጡት። በሌላውም ዓለም ብዙ አገር ላይ ከ5 እስከ 7 ባለው ዕድሜ ነው ቤተሰብ ለልጅ ኃላፊነት መስጠት ሚጀምረው። አንቺ ቤት ደሞ አንዱ ከ7 በታች አንዷ ከ7 በላይ ናቸው፣ እሷ በሱ ዕድሜ እንደዚህ አላደረገችም እያልሽ ምትወቅሺውን እባክሽ ተዪ።

የሚሚ ነገር ነው እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ። ሰውነቷ ደህና ነው፣ ቀሚሷ እንደ ድሮው ቶሎ አያጥርም ያልሽው ኖርማል ነው፣ በዚህ ዕድሜ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ነው ሚጨምሩት፣ የወተት ጥርሶቿም እስከ 12 ዓመት ገደማ እየወለቁ ነው ሚያልቁት። ዝምታዋ ግን ካርዷ ላይ 19ኛ ከወጣች በኋላ ነው የመጣው። ኬጂ ልጆችን ከናንተ ማን ነው ጎበዝ ሯጭ ብትያቸው ሁሉም እኔ ብለው እጃቸውን ያወጣሉ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ያንኑ ስትጠይቂ ዞር ዞር ብለው ይተያዩና ወደ አንድ ልጅ ይጠቁማሉ። ራስን ከሌላ ጋር ማስተያየት በዚህ ዕድሜ ነው ሚጀምረው። ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባለውም ከ6 እስከ 12 ያለውን ጊዜ ልጅ ወይ ሰርቼ እችላለሁ ሚልበት ወይ ከሰው አንሳለሁ ሚልበት ነው ብሏል። ሚሚ ቀኑን ሙሉ ክላስ ውስጥ ራሷን ስታወዳድር ነው ምትውለው፣ ቤት ስትገባ አንቺ ደሞ የጎረቤቷን ልጅ አትጨምሪባት! ደረጃዋን ትተሽ የቱ ጥያቄ እንዳስቸገራት ጠይቂያት፣ የከበዳት ማባዛቱ ነው ወይስ ማንበቡ ቲቸሯ ጋ ሄደሽ በደንብ አናግሪ።

ደሞ ጀምራ ምትጨርሰው ሥራ ስጫት። ቡና ስታፈዪ እሷ ትጎዝጉዝ፣ ሲኒውን እሷ ትደርድር፣ ሲኒ ቢሰበርም ይሰበር። ከሁሉም በላይ ግን ማሙሽን ፊደል ታስቆጥረው፣ 33ቱ በ7 በ7 231 ናቸውና ሥራ አያልቅባትም፣ መጀመሪያ ጣቱን ይዛ ታስጠቁመው ከዛ ስትለቀው ብቻውን ይሂድ። ቪጎትስኪ የሚባል የራሺያ ሰው ልጅ ዛሬ በሰው እገዛ ሚሰራውን ነገ ብቻውን ይሰራዋል ያለው ይሄንኑ ነው፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ ዕድሜ ልኬን ያየሁትም ይሄንኑ ነው፣ እሷም ደሞ አስተማሪ ስትሆን አንገቷ ቀና ይላል። ማታ ማታ እንቆቅልህ ምን አውቅልህ ተጫወቱ፣ አገር ስጠኝ ሲባል ማሙሽ ጎንደርን ሰጠሁህ ይበል።

ዩቱቡን ቀንሺለት፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ነው ሚለው፣ ከዛም ቢያንስ ደሞ የተሻለ። እንቅልፉ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ የሷ ከ9 እስከ 12፣ ሚሚ ማታ በ4 ሰዓት ተኝታ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ከተነሳች ጠዋት ብትነጫነጭ ምን ይገርማል።

ማሙሽ ር ማለት አቅቶት ል ስለሚል አትጨነቂ፣ ዘግይታ ምትመጣ ድምፅ ናት። እሱ ሲያወራ ማያውቀው ሰው ንግግሩ ጨርሶ ማይገባው ከሆነ፣ ወይ ድሮ ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ጆሮውንም ይዩት።

ሽሮና በርበሬው ለሚመጣ ሰው ተሰጥቷል፣ ቅዳሜ ይደርስልሻል። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ይሄንንም አስነብቢው፣ ካርድ ሲመጣ ሚቆጣው እሱ ነው አሉ።

እናትሽ