አባዬ፣ ቢጫው ሽቦ ነው

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሜሪላንድ ብርዱ ገብቷል። ከዚያ ውጭ አዲስ ነገር የለም።

ኧረ አለ። ባለፈው በቪዲዮ ሳሳይህ «ይሄን አሮጌ ዕቃ ምን ልታደርገው ነው?» ብለህ የሳቅክበት፣ ቁጥሩ በጣት የሚዞረው ጥቁር ስልክ ጮኸልህ። ጩኸቱስ! ትንሿ ልጄ ደንግጣ እናቷ ጉያ ገባች። ስንደዋወል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አንዱንም ወሬ ሳንጨርስ ነው የምንዘጋው። ስለዚህ ነገሩን ከሀ እስከ ፐ በደብዳቤ ልንገርህ። መነጽርህን አድርግና ቀስ ብለህ አንብበው። መጨረሻ ላይ የምጠይቅህ ነገር አለ።

ስልኩን የሠራው ዌስተርን ኤሌክትሪክ የሚባለው ፋብሪካ ነው። ሞዴሉ 500 ይባላል። መልኩን ያወጣለት ሄንሪ ድሬይፈስ የተባለ ዲዛይነር ነው። ገልብጬ ሥሩን ሳየው 2-64 የሚል ተመትቶበታል። በፈረንጅ 1964 መሆኑ ነው፣ በእኛ 1956 ዓ.ም.። ያኔ እዚህ አገር ስልኩ የደንበኛው አልነበረም። የኩባንያው ነበር፤ ሰው ኪራይ ነበር የሚከፍልበት። ሲበላሽ ወጪው የኩባንያው ስለሆነ፣ እንዳይበላሽ አድርገው ነው የሠሩት። ክብደቱን ብታየው ሌባ ለመፈንከት ይበቃል።

ሻጩ «ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ስከፍተው ግን ከእኔ በፊት የሆነ ሰው እጁን አስገብቶበታል። ሁለት ሽቦዎች ተነቅለው ተንጠልጥለዋል፣ አንድ ብሎንም ጎድሏል። እጀታውን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ጭጭ።

ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ቴሌ ስትሠራ የነበረው ያንተ አነጋገር መጣብኝ። «መጀመሪያ መስመሩን እይ። መስመሩ ከሞተ ስልኩን ብትፈታው ምን ይጠቅምሃል?» ትል ነበር። ስለዚህ ከመስመሩ ጀመርኩ። አሁን መስመር የምንለው እንዳንተ ጊዜ ከእንጨት ምሰሶ የሚመጣ አይደለም። ኢንተርኔት የሚያመጣው ሳጥን ጀርባው ላይ የስልክ ቀዳዳ አለው፣ ከዚያ ነው። በቴስተር ስለካው እጀታው ተቀምጦ ሳለ 48 ቮልት ገደማ አሳየኝ። እጀታውን ሳነሳ ከ10 በታች ወረደ። ይሄ ማለት ስልኩ መስመሩን እየያዘ ነው፣ ጆሮው ጋ ግን ድምፅ አይደርስም። ችግሩ ውስጥ ነው።

ማዞሪያው ሥር ያሉትን ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ታውቃቸዋለህ። ቁጥር ሲዞር ሁለቱ ይነካኩና ጆሮ ማዳመጫውን ያፍኑታል፣ የመደወሉ ቀጭ ቀጭ ጆሮ እንዳይመታ። ማዞሪያው ሲመለስ መላቀቅ አለባቸው። የእኔው ላይ አንደኛዋ ቅጠል ትንሽ ጎብጣ ሁልጊዜ ከጓደኛዋ ጋር ተጣብቃለች። ስለዚህ ስልኩ ጆሮውን ራሱ ዘግቶ ተቀምጧል። በፒንሳ ጫፍ ፀጉር ታህል ገፋ አደረግኳት። ድምፁ እዚያው መጣ! ከዚያ እንዳንተ አደረግኩ፤ ንጹሕ ወረቀት በስፒሪት ነክሬ በቅጠሎቹ መሀል ሳብኩት። የወጣውን ጥቁር ነገር ብታይ።

የሚናገሩበት በኩል ደግሞ ውስጡ ያለው የከሰል ደቃቅ ጠጥሮ ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ፈትቼ መዳፌ ላይ ነካ ነካ አደረግኩት፤ ተለቀቀ። ይሄ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ደወሉ ነው። የተንጠለጠሉት ሁለት ሽቦዎች የደወሉ ነበሩ። አንዱ ግራጫ፣ ሌላው ግራጫ ሆኖ ቀይ ሰረዝ ያለበት። ቦታቸው ኬ እና ኤ የሚል የተጻፈባቸው ብሎኖች ላይ ነው፤ በሁለቱ መሀል ካፓሲተር አለ። የመስመሩ 48 ቮልት ቀጥታ ኮረንት በካፓሲተሩ አያልፍም። የሚያልፈው ሰው ሲደውል የሚመጣው ተለዋዋጩ፣ 90 ቮልት ገደማው ነው። አሰርኳቸው። ከሞባይሌ ደወልኩበት። ምንም የለም።

የደወሉን ጥቅል ለካሁት፣ አልተቃጠለም። መዶሻዋን በጣቴ ሳንቀሳቅሳት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ብከታተል ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው። ያን ምሽት ባለቤቴ «ይሄን ነገር ትተህ ራት ብላ» እስክትለኝ ድረስ አቀረቀርኩበት።

ኋላ ላይ ገባኝ። ስልኩ ምንም አልሆነም። ታስሮ የነበረው ለሌላ ዘመን መስመር ነው። ከስልኩ የሚወጣው ገመድ አራት ሽቦ አለው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ወሬው የሚሄደው በቀዩና በአረንጓዴው ብቻ ነው። ድሮ እዚህ አገር ብዙ ቤቶች አንድ መስመር ይጋሩ ነበር። የአንዱ ቤት ብቻ እንዲጮህ ሲፈለግ የደወሉን አንድ ጫፍ መስመሩ ላይ፣ ሌላውን በቢጫው ሽቦ አድርገው መሬት ላይ ያስሩታል። ብቻውን መስመር ላለው ሰው ደግሞ ሠራተኛው ግድግዳው ላይ ባለችው ሳጥን ውስጥ ቢጫውን ከአረንጓዴው ጋር ያገናኘዋል፤ አለቀ። የዛሬው ሳጥን ይህን ከየት ያውቃል? ቢጫው ሽቦ ከስልኩ ወጥቶ የትም አይደርስም። ደወሉ አንድ ጫፉ ከመስመሩ ጋር፣ ሌላው ጫፉ አየር ላይ ነው።

ስለዚህ ከደወሉ የሚመጣውን ጥቁር ሽቦ ጂ ከሚለው ብሎን ፈትቼ ኤል 1 ላይ፣ ከአረንጓዴው ጋር አሰርኩት። ብሎን ፈትቶ ማሰር፣ ይኸው ነው። ያኔ ነው የጮኸው። መጮህ ሲጀምር እጄ ገና ውስጡ ስለነበር ነዘረኝ ደግሞ። ድሮ «ደወል ሲመጣ እጅህን አውጣ» ስትለን የምታስፈራራን ይመስለኝ ነበር።

አንዲት ነገር ቀረች። ቁጥር ሳዞር ደወሉ በትንሹ ቅጭል ቅጭል ይላል። ከደወሉ የሚመጡትን ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ቦታ አቀያየርኳቸው፣ ዝም አለ። መዶሻዋን የምትይዘው ትንሿ ስፕሪንግ በአንድ በኩል ብቻ ስለምትስብ፣ ኮረንቱ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ለእሷ ለውጥ አለው።

«የእኛ ሙያ ከእኛ ጋር ሞተ» የምትለውን ነገር አልወደውም አባዬ። እውነቴን ነው። እስካሁን በነገርኩህ ሥራ ሁሉ ከአንዲት ብሎን በቀር ምንም ዕቃ አልገዛሁም። ያቺን ቅጠል ያገኘኋት መስመሩን ስላየሁ ነው፤ መስመሩን ያየሁት ደግሞ በአንተ ቃል ነው። ልጅህ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው፣ ግን ሲስተም ሲወድቅ ያንኑ ነው የማደርገው፤ አለቃዬ ከየት እንደተማርኩት አያውቅም።

አሁን ወደ መደወሉ ልምጣ። ስልኩ ይጮሃል፣ ያወራል፣ መደወል ግን አልቻለም ነበር። ቁጥር ባዞርም መስመሩ ያንኑ «ድ...» ይላል። ሳጥኑ የሚገባው ቁጥር ሲጫኑ የሚሰማው የቁልፍ ድምፅ ብቻ ነው፤ ማዞሪያው ግን መስመሩን እየቆረጠ ነው የሚቆጥረው። አክስቴ ቤት የነበረው ስልክ ትዝ ይልሃል? ማንም እንዳይደውል ቀዳዳው ላይ ትንሽ ቁልፍ ታንጠለጥልበት ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ግን እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ ቶሎ ቶሎ እየመቱ የፈለጉት ቦታ ይደውሉ ነበር። ለ3 ሦስት ጊዜ፣ ለ0 አሥር ጊዜ። ቢል ሲመጣ «አንተ የቴሌ ሰው አይደለህ እንዴ?» እያለች የምታፋጥጠው አንተን ነበር። ይኸው ነው ነገሩ። መቆራረጡን ቆጥሮ ወደ ቁልፍ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ አለ፤ አዝዤ መሀል ላይ ሰካሁት። አሁን ይደውላል።

ልጄ ግን እስካሁን ቀዳዳዎቹን በጣቷ ትጫናለች እንጂ አታዞርም። «አዙሪው» ስላት «ለምን?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

የቀረኝ ችግር 0 ነው። ከ1 እስከ 8 ምንም እንከን የለውም። 0 ሳዞር ግን ማዞሪያው ሲመለስ መሀል ላይ ደከም ይላል፤ ያ ዕቃ ሌላ ቁጥር አድርጎ ያነበዋል። 9 ላይም አንዳንዴ ያው ነው። በሰከንድ አሥር ጊዜ መቁረጥ አለበት፣ የእኔው ግን ይጎተታል። አንተ ጋ ለመደወል ደግሞ 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ የአንተ ቁጥር፣ በጠቅላላው 15 ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ራሱ 0 ነው። ስለዚህ ለጎረቤት እደውልበታለሁ፣ ለአባቴ ግን አልችልም።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ፍጥነቱን የምትቆጣጠረው ትንሿ ተሽከርካሪ ላይ እናንተ ዘይት ታደርጉ ነበር ወይስ በደረቁ ነበር የምትተዉት? አንዳንዱ ሰው ጠብታ የሰዓት ዘይት ይበቃል ይላል፤ ሌላው ጭራሽ አትንካት ይላል። የአሮጌው ቅባት መድረቅ ይሆን ወይስ የዋናው ስፕሪንግ መድከም? አንተ ድሮ ያለ መሣሪያ በጆሮህ ብቻ «ይሄ ዘግይቷል» ስትል ሰምቻለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሞባይል እደውልልሃለሁ። ሞባይሉን ከስልኩ አጠገብ አድርጌ 0ን ደጋግሜ አዞርልሃለሁ፤ ሰምተህ ፍረድልኝ። እማዬ ያኔ ሬዲዮውን ትቀንስልን።

እማዬን ሳምልኝ። የደም ግፊት መድኃኒትህን እንዳትዘነጋ።

አክባሪ ልጅህ