ያልተመዘገበው መዋጮ

ክቡር አዘጋጅ፣

ለዓለም ጤና ስለሚዋጣ ገንዘብ የሚወጡ ዜናዎችን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ሀብታም አገር ሁሌ "ለጋሽ" ነው፤ ድሃ አገር ሁሌ "ተረጂ"። ድሃው ያዋጣውን ግን ማንም አይቆጥርለትም።

ኢንዶኔዥያን አስታውሱ፤ ነገሩ የሆነው በ2007 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የወፍ ጉንፋን ዜጎቿን እየገደለ ነበር። የቫይረሱን ናሙና ለዓለም ጤና ድርጅት ትልካለች። ከዚያ ናሙና ክትባት የሚሠሩት ግን የውጭ ኩባንያዎች ናቸው፤ እሷ ደግሞ ዋጋውን የምትችለው አይደለም። በመጨረሻ "አልልክም" አለች። ብዙዎች ዓለምን አደጋ ላይ ጣለች ብለው ኮነኗት። እኔ ግን እውነት ነበራት ባይ ነኝ። የቫይረስ ናሙና መስጠትን ክትባት ከማግኘት ጋር ያስተሳሰረው የ2011ዱ የዓለም ጤና ድርጅት የጉንፋን ማዕቀፍም ያለ እሷ እምቢታ የሚመጣ አይመስለኝም።

ደቡብ አፍሪካም በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለውን የኮቪድ ዝርያ ፈጥና ለዓለም አሳወቀች። የተመለሰላት የበረራ እገዳ ነው። ሐኪሞቹስ? በድሃ አገር ገንዘብ ተምረው ሀብታም አገር የሚያክሙት ስንት ናቸው! ይህንን እርዳታ ብሎ የሚመዘግብ የለም።

በሌላ በኩል፣ ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የወሰነው በ1970 ነው። ዛሬም የሚያሟሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚሰጠውም ቢሆን በሰጪው ፈቃድ የተንጠለጠለ ነው። በ2025 አሜሪካ እርዳታዋን ስታቋርጥ የኤችአይቪ ታካሚዎች ነገ መድኃኒት ይኑር አይኑር ሳያውቁ ቀሩ። ገንዘቡ ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በአንድ ጀምበር አይቆምም ነበር።

የአፍሪካ መንግሥታትንም አላልፋቸውም። በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገቡ። አብዛኞቹ አልፈጸሙትም፤ ያሳዝናል።

በ2025 የጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኝ ስምምነት ናሙና የሚሰጥ አገር በምላሹ ምን እንደሚያገኝ የሚወስነውን ዝርዝር ለአባሪ ሰነድ አቆየው። ኢንዶኔዥያ የጠየቀችው ያንኑ ነበር። የዝግጅት ክፍላችሁ ይህን አባሪ በቅርብ እንዲከታተልልን እለምናለሁ። የለጋሾችን ዜና ስትሠሩም፣ ሌላኛው ወገን ምን እንዳዋጣ አንድ አንቀጽ ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ