ዝምታን ጨዋነት አትበሉብን

ውድ አዘጋጅ፣

በዘሩ የተሰደበ ሰው ስሞታ ሲያሰማ «ንቀህ እለፈው» የሚሉት ምክር አለ። እኔ አይዋጥልኝም።

አሜሪካ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ የሆነውን እዩ። በአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችውን ጥቁር ሴት፣ ሮዛ ፓርክስን፣ ሁሉም ያውቃታል። ከእሷ ዘጠኝ ወር ቀድማ ግን፣ መጋቢት 1955 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ የአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ብላ ታስራለች። (ስሟ ለምን ተረሳ? እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።) ሮዛም ስትታሰር የከተማዋ ጥቁሮች 381 ቀን አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሄዱ፣ መኪና ያለው የሌለውን እየጫነ ሥራ አደረሰ፣ የአድማው መሪ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ሲመታ እንኳ ለበቀል አልወጡም። እጃቸውን አጣጥፈውም አልተቀመጡም። በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭን የሚለየውን ሕግ ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ከከሳሾቹ አንዷ ያቺው ተማሪ ነበረች። በ1956 እ.ኤ.አ. ረቱ።

ክብር ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ስድብን በስድብ አለመመለስ፣ ግን ደግሞ አለመተው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እዚያው መጻፍ፤ ምስክር መያዝ፤ አቤቱታውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ማስገባት፣ ምክንያቱም በቃል የተነገረ ነገር በማግስቱ «ማን አለ?» ይባላል።

አጠገብ ቆማችሁ የምታዩ ደግሞ፣ የተሰደበውን «ታገስ» ከማለታችሁ በፊት «እኔ እመሰክርልሃለሁ» በሉት።

አንባቢያችሁ