የባሕር ዛፍ ጎረቤት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ የምኖረው ሜልቦርን ነው፣ ሥራዬም እንጨት ቤት ነው። እኛ ሀበሾች የአውስትራሊያ ዛፍ ሲባል የምናውቀው ባሕር ዛፍን ብቻ ነው፣ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ደርሶላታል እሱን አልክድም፣ ግን ነጩ ባሕር ዛፍ በተፈጥሮ በሚበቅልበት በታዝማኒያ ደሴትና እዚሁ ሜልቦርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ኦትዌይ ጫካ ውስጥ አንድ ጎረቤት አለው፣ ሜርትል ቢች ይሉታል፣ ስለሱ በአማርኛ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

ቢች የሚባል ዛፍ አውሮፓም አለ፣ እሱ በብርድ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ይሄኛው ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ እናንተ ጋ የመስከረም አበባ ሲፈነዳ እዚህ የሱ አዲስ ቅጠል ነሐስ መስሎ ቀልቶ ይወጣል። ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ ትንንሽ ኳስ የመሰለ ብርቱካናማ እንጉዳይ ይበቅላል፣ የሀገሩ ነባር ሕዝቦች ይበሉት ነበር።

እንጨቱን ግን እኔ ልንገራችሁ! መልኩ ሮዝ ሆኖ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል፣ ልገነው በብርጭቆ ወረቀት ካሸነው በኋላ እጅ ሲያርፍበት የሕፃን ገላ ነው የሚመስለው፣ ወንበር ጠረጴዛ የቤት ወለል ይሠራበታል፣ በቶርኖም ሳህን ይወጣዋል። አንዴ ስንዝር የማትሞላ ሳንቃ ላይ የዕድሜ መስመሮቹን ብቆጥር መቶ አለፈብኝና እዛው ተውኩት፣ ዛፉ እስከ 500 ዓመት ይኖራል።

ጠላቱ ቁስልና እሳት ነው። ቅርፊቱ ከተላጠ ወይ ሥሩ ከተጎዳ በቁስሉ ፈንገስ ይገባና ያደርቀዋል፣ ኦትዌይ ውስጥ ማይትስ ሬስት የሚባለው ቦታ ጎብኚው በእንጨት መረማመጃ ላይ የሚሄደው ሥሩ እንዳይረገጥ ብለው ነው፣ እኔ መጀመሪያ ለጫማችን ንጽህና መስሎኝ ነበር። ሰደድ እሳት ሲመጣ ባሕር ዛፍ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ እኛም ቆርጠነው ከጉቶው ሲመለስ እናውቀዋለን፣ ቢቹ ግን እሳቱ ከበረታበት ይሞታል፣ ዘሩም ሩቅ ስለማይሄድ የለቀቀውን ቦታ መልሶ ለመያዝ ዘመናት ይፈጅበታል።

ይሄን የምጽፈው እሱንም እናስመጣው ለማለት አይደለም። እኛም ቀስ ብለው የሚያድጉ ቅጠላቸው የማይረግፍ ወይራና ዝግባ አሉን፣ እናቴ የወተት ዕቃ በወይራ ስታጥን ጢሱ ጎረቤት ድረስ ይሸት ነበር፣ ዛሬ ብዙ ቦታ ትልቅ ወይራ ማየት የፈለገ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የሚሄደው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ይሄን ያህል ችግኝ ተተከለ የሚለውን ዜና እናነባለን፣ ምን ዛፍ እንደሆነ ግን አይነገረንም። እባካችሁ ስንቱ ወይራ ስንቱ ዝግባ ስንቱ ባሕር ዛፍ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉልን፣ ሪፖርተራችሁም የዛሬ ሦስት ዓመት ወይራ የተተከለበት አንድ ቦታ ሄዶ ስንቱ እንደጸደቀ ቆጥሮ ይንገረን።

አንባቢያችሁ፣ ከሜልቦርን