ለእማዬ፣ ጅማ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ካልወረወርክልኝ ብላ አለቀሰች። አንቺ ነሽ በስልክ ያስተማርሻት! እዚህ ፎቅ ላይ ለምንኖረው ጣሪያ ከየት ይምጣ? ትልቁ ደግሞ በቁመት ሊያልፈኝ ነው።

ስለ እግርሽ ልጠይቅ ተቀምጬ ስለ ጥርስ አወራለሁ።

ባለፈው ስደውል «ደህና ነኝ» አልሽ። ከኋላሽ የእህቴ ልጅ «አያቴ፣ ፋሻሽ ተፈታ» ሲል ሰማሁት። የምን ፋሻ ነው? ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቆስሎ ዝም ይባላል?

ሐጂ እንደነገሩኝ ለሰፈሩ «የአየር ትንበያ ነው የሚሠራው» ትያለሽ አሉ። ለጅማ ሰው ደግሞ ዝናብ ምን ትንበያ ያስፈልገዋል? የእኔ ሥራ ሌላ ነው። ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ወደ ውስጥ ሲደረመስ፣ ወይም የሁለት ኮከቦች ቅሪት ሲላተም፣ የጋማ ጨረር፣ ማለት ዓይን የማያየው ኃይለኛ ብርሃን፣ ይፈነዳል። አንዳንዱ 2 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጨረሩ የምድርን አየር አልፎ ስለማይመጣ የሚይዘው ሳተላይት ነው። መጀመሪያ ያዩት አሜሪካኖች ናቸው፤ በፈረንጆች 1967፣ የኑክሌር ሙከራ እንዲሰልልላቸው ባመጠቁት ሳተላይት። ለዓለም የተናገሩት ግን በ1973 ነው። ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ከቅርብ ይምጣ ከሩቅ ማንም አላወቀም። ከሃያ ዓመት በላይ ተከራከሩበት።

በ1997፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ቤፖሳክስ የሚባል የጣሊያንና የሆላንድ ሳተላይት አንዱን ያዘ። ከሰዓታት በኋላ ዞሮ ሲያይ ቦታው ገና ያበራል። ከፍንዳታው የተረጨው ነገር በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር እየተጋጨ የሚሰጠው ብርሃን ነው። በኤክስሬይ፣ በዓይን በሚታየው ብርሃን፣ በሬዲዮም ይታያል፤ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። ርቀቱን የነገረን እሱ ነው። በ2022 ኦክቶበር 9 የደረሰን፣ ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቁ፣ ወደ 2 ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ የመጣ ነው።

እኔ የምከታተለው ይህን ቀሪ ብርሃን ነው። በ2004 የመጠቀው ስዊፍት የሚባል ሳተላይት ፍንዳታ ባየ በሰከንዶች ውስጥ ቦታውን ይልካል። ስልኬ ይጮሃል፣ ከእንቅልፌ እነሳለሁ፣ ቴሌስኮፑ ይዞራል። አንድ ሰዓት ከዘገየን ብዙው አልፏል። ለማናውቀው ኮከብ እንዲህ እንሮጣለን።

ስለ አባዬ ሲነሳ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ላንሳው ግን። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «ወጣ ብሏል»፣ «ተኝቷል» እያላችሁ አሳለፋችሁኝ። ፈተና ላይ ነው ብላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ የሀገር ሰዎች ነጠላ ለብሰው በሬን አንኳኩ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ጅማ ስደርስ ድንኳኑ ከፈረሰ ሰንብቷል። «ለአንተ ብለን ነው» አልሽኝ። ለእኔ ተብሎ እንደተደረገው ነገር የጎዳኝ የለም፣ እማዬ። የሀገሩ ወግ ነው፣ ይሁን። እኔ ግን ያን ወግ አልወደውም።

ያስተማረኝ የአንቺ ቡና ንግድ ነው፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ። ስለዚህ እንደ ባለዕዳ ሳይሆን እንደ ልጅ ንገሪኝ። መጥፎም ከሆነ ዕለቱን ንገሪኝ። ሌሊት ነው፣ ሥራ ላይ ነው አትበሉ።

ቁስሉን ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ይየው። ማር አትቀቢው። ባዶ እግርሽን ጓሮ አትውረጂ። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን ቀዝቃዛ ቦታ አድርጊው፤ ምድጃው አጠገብ እንዳታስቀምጪው። እህቴ የእግርሽን ፎቶ በቴሌግራም ትላክልኝ፤ ፋሻው ተፈቶ፣ ከነቁስሉ።

ብር በእሷ አካውንት ገብቷል። ለሐኪም ነው። አጥር አሳጠርኩበት ብትይኝ እንጣላለን።

ልጅሽ