ኩኩሉ በአኖኔ ሰማይ፦ የሳይንስና የጉዞ ክበባችን ዓመት

«የአማርኛ ትምህርት ቤት ፊኛ ምን ይሠራለታል?» ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ከሦስት ወላጆች ሰምቻለሁ። አንዱ የጠየቁኝ ሳምቡሳችንን እየገዙ ስለነበር አልተቀየምኩም። መልሱን ግን ለዚህ መጽሔት አቆይቼዋለሁ።

መጀመሪያ የተለመደውን ላንሳና ልጨርሰው። ክበባችን ከመስከረም እስከ ሰኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ተገናኝቷል። 17 ልጆች ተመዝግበው 14ቱ ዘልቀዋል። ሊቀመንበር መርጠናል፤ ምርጫው ሁለት ጊዜ ተደግሟል፤ ለምን እንደተደገመ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ከስስ ወረቀት በሞቀ አየር የሚነሡ አምስት ትንንሽ ፊኛዎች ሠርተን ሁለቱ በረሩ፣ ሁለቱ ተቀደዱ፣ አንዱ ተቃጠለ። ማንም አልተጎዳም። አዳራሹን የሚያከራዩን ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ፊኛን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የምንኖረው ሊዮን ነው፤ ፊኛ የተወለደባት አኖኔ ደግሞ ከኛ ወደ ደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ጆሴፍና ኤቲየን ሞንጎልፊየ የተባሉት ወንድማማቾች የወረቀት ፋብሪካ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በ1783 እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን፣ በወረቀት የተገበረና በቁልፍ የተያያዘ ትልቅ የጨርቅ ፊኛ እዚያው ከተማቸው ውስጥ በሕዝብ ፊት ለቀቁ። የሚያነሣው ጭሱ ይመስላቸው ስለነበር ጭድና ሱፍ ያነዱ ነበር። ለካ ሥራው የሙቀቱ ነው፤ የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ይቀላል። በየሴፕቴምበሩ ለልጆቻችሁ የምትገዙት ካንሶን የሚባለው የሥዕል ወረቀትም የመጣው ከዚሁ ቤተሰብ ፋብሪካ ነው፤ ካንሶን የኤቲየን አማች ስም ነው። ይህን ስነግራቸው ሁሉም ደብተራቸውን ገለባብጠው ስሙን ፈለጉ።

በዚያው ዓመት መስከረም 19 ቀን ቬርሳይ ላይ በንጉሥ ሉዊ 16ኛ ፊት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ በፊኛ ወጡ። ሦስቱም በሕይወት ወረዱ። ልጆቹን የያዛቸው ዶሮው ነው። የፈረንሳይ ዶሮ «ኮኮሪኮ» ይላል፣ የኛ «ኩኩሉ»። የቱ ነው ትክክል? አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዚህ ክርክር አለቀ። በመጨረሻ ግቢ አውጥቼ ድብብቆሽ አስተማርኳቸው። ፈላጊው «ኩኩሉ!» ሲል የተደበቁት «አልነጋም!» የሚሉትን፣ እኛ ያደግንበትን።

አንድ ልጅ ግን አልተጫወተም። ግድግዳ ተደግፎ ያያል። አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን ሁልጊዜ በፈረንሳይኛ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከአፉ አልሰማሁም።

በሳምቡሳና በቡና ሽያጭ ያገኘነው ገንዘብ አኖኔ ላይ ሰው በሚያሳፍር ፊኛ ለመብረር ለአራት ልጆችና ለአንድ አስተማሪ በቃ። (አስተማሪው ለምን ሄደ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያለ አዋቂ አይፈቀድም።) ዕጣ አወጣን። ዕጣ ከደረሳቸው አንዷ የክበቡ ትንሿ ልጅ ሆነች። ለመሳፈር 1 ሜትር ከ20 መድረስ ነበረባት፣ አልደረሰችም። አለቀሰች። ከዚያ ዕጣዋን ሄዳ ለዝምተኛው ልጅ ሰጠችው። ለምን ለእሱ ስላት፣ «እሱ ዝም ስለሚል አብራሪዋን አይረብሽም» አለችኝ።

በረራው ለነፋስና ለዝናብ ሲባል ሁለት ጊዜ ዋዜማው ላይ ተሰረዘብን። በሦስተኛው፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከሊዮን ተነሣን። በማለዳ የሚበረረው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ አየሩ ስለሚናወጥ ነው። ጨርቁ ሜዳው ላይ እንደ ድንኳን ተዘረጋ፤ ልጆቹ አፉን ይዘው በትልቅ ማራገቢያ ተሞላ። ከዚያ ማቃጠያው ተለኮሰ። ትልቅ ቡታጋዝ በሉት፣ ግን እንደ አንበሳ የሚያገሳ። ቅርጫቱ ሲነሣ አልታወቀንም። መሬቱ ነው የሄደው።

እላይ ነፋስ አይሰማም፤ ከነፋሱ ጋር እኩል ነው የሚኬደው። ፊኛው መሪ የለውም። አብራሪዋ ከፍና ዝቅ እያለች የምትፈልገውን ነፋስ ታድናለች። በምሥራቅ የሮን ሸለቆ፣ ከማዶ የአልፕስ ጫፎች፣ ከሥራችን የአፕሪኮት ዛፎች በመስመር በመስመር። እኛ ፀሐይ ውስጥ ነን። ሸለቆው ገና ጥላ ነው። የቀሩት ልጆች በመኪና እየተከተሉን ነበር፤ ዝቅ ብለን ስናልፍ መንገድ ዳር ቆመው አየናቸው። ማቃጠያው ጠፋ። ጸጥ አለ። ከአንድ ግቢ አውራ ዶሮ ጮኸ።

ዝምተኛው ልጅ የቅርጫቱን ጠርዝ ይዞ ጎንበስ አለና፣ «ኩኩሉ!» ብሎ ጮኸ።

ከታች፣ ከጥላው ውስጥ፣ የትንሿ ልጅ ድምፅ መጣ፦ «አልነጋም!»

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

«ኧረ እዚህ ነግቷል!» አላት።

እኔ የማቃጠያው ጭስ ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኩ። ፕሮፔን ጭስ የለውም።

ከአንድ ሰዓት ያህል በረራ በኋላ የታጨደ ሣር ሜዳ ላይ ሁለቴ ነጥረን አረፍን። ጨርቁን ጠቅልለን፣ አየሩን በሆዳችን ተኝተንበት አስወጥተን፣ ከረጢት ውስጥ ከተትን። ልጁ ሲመለስ መኪና ውስጥ እንቅልፍ እስኪወስደው አላረፈም፣ በአማርኛ። ሰዋስዉ አይጠየቅ።

እንግዲህ ለሦስቱ ወላጆች መልሴ ይኸው ነው። ለክበቡ ዘንድሮ የተመደበልን 80 ዩሮ ነበር። የዓመቱ መዝጊያ ኬክ ከዚያ በላይ ወጥቶበታል። ጥሩ ኬክ ነበር፣ እኔም በልቻለሁ። ለሚመጣው ዓመት ግን አሥሩም የቀሩት ልጆች እንዲሳፈሩ እንፈልጋለን፤ የሳምቡሳ ሊጥ የሚያቦካ፣ መኪና ያለው፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን የተረፈው ወላጅ ቅዳሜ ይምጣ።

የትንሿን ልጅ ቁመት ባለፈው ሳምንት በር መቃኑ ላይ ለክተናል። 3 ሴንቲ ሜትር ቀርቷታል።